በጉ የተወው ድርቆሽ ብክነት አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ ወጥቼ ጋዜጣችሁን ከአዟሪ እገዛለሁ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ። እስከ ዛሬ ደብዳቤ ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን የጻፍኩት ከአራት ሳምንት በፊት ለፋሲካ በግ ስለማደለብ ያወጣችሁት ምክር እኛ ግቢ ድረስ ገብቶ ሁለት በግ ሲያከሳ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ምክሩ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነበር። ድርቆሽ ተወዷል፤ ስለዚህ በጉ ገንዳውን አጥርቶ እስኪበላ ድረስ የምትሰጡትን ቀንሱ። ትንሽ የበላ በግ የበላውን በደንብ ይፈጫል፣ ብዙ የበላ ግን ሳይፈጭ በበጠጥ ያወጣዋል። ጸሐፊው ይህን ከራሱ አልፈጠረውም። ግማሹ እውነት ነው። የከፋው ነገርም እሱ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ሰው አይሠራበትም ነበር።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ለብዙ ዓመት በአንድ የመኖ ምርምር ጣቢያ ቴክኒሻን ነበርኩ። ሥራዬ በግ መመገብ፣ የተረፈውን መመዘን፣ በጠጡን መመዘን ነበር። በጉን ለብቻው ጠበብ ባለች የእንጨት ማቆሚያ ውስጥ እናስገባዋለን። ለሁለት ሳምንት ያህል መኖውን እናለማምደዋለን። ከዚያ ለሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት የሰጠነውን፣ የተወውን፣ ከኋላው በታሰረለት ከረጢት የተጠራቀመውን በጠጥ ሁሉ እንመዝናለን፤ ከሁሉም ናሙና ወስደን እናደርቃለን፣ ምክንያቱም በውስጡ ያለው ውሃ ሚዛኑን ያሳስታል። ከበላው ላይ ያወጣውን ስንቀንስ ሆዱ ውስጥ የቀረውን እናገኛለን። ስንት በመቶው ተፈጨ የሚባለው ቁጥር የሚወጣው እንደዚህ ነው፤ ጋዜጣችሁ ላይ የተጻፈውም ከእንደዚህ ዓይነት ሥራ የተገኘ ነው።

አሁን ሆዱ ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። በግ ድርቆሽ ሲበላ አላምጦ አይጨርሰውም። ቶሎ ቶሎ ውጦ ጨጓራው ውስጥ ያከማቸዋል፣ በኋላ ጋደም ብሎ እየመለሰ ያመሰኳዋል። ድርቆሽ የሚበላ በግ በቀንና በሌሊት ተደምሮ ስምንት ሰዓት ያህል ሊያመሰኳ ይችላል። ጨጓራው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። የሳሩን አሰር፣ ማለትም ጠንካራውን ቃጫ፣ የሚያብላሉት እነሱ ናቸው፤ በጉ ራሱ አይችልም። ሳሩ ከጨጓራ ተነስቶ ወደ ሽንፍላ ለመሻገር መድቀቅ አለበት፤ በበግ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት አብዛኛው አንድ ሚሊ ሜትር ግድም እስኪሆን ድረስ አያልፍም። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በዓል ላይ በግ ሲታረድ ፈርሱን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ጨጓራው ውስጥ ያለው ሳር ገና ረዘም ረዘም ያለ ነው። ሽንፍላ ያጠቡ እናቶቻችን ደግሞ በየቅጠሉ መሃል ተጣብቆ አልለቅ የሚለውን ያውቁታል፤ እሱ እንደ ዱቄት የላመ ነው።

እንግዲህ ጨጓራው ውስጥ ሳሩ በቆየ ቁጥር ተሕዋስያኑ ይበልጥ ይሠሩበታል። በጉ ብዙ ሲበላ አዲስ የሚገባው የቆየውን ይገፋዋል፣ የመቆያ ጊዜው ያጥራል፣ ከእያንዳንዱ መቶ ግራም የሚፈጨውም ትንሽ ይቀንሳል። ጸሐፊያችሁ ያነበበው ይህን ነው። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

በጉ ግን ከመቶኛ አይኖርም። ስንት ግራም ገባለት ነው ጥያቄው። 25 ኪሎ የሚመዝን በግ አለን እንበል። ከሚበላው ውስጥ በግምት ከ250 እስከ 300 ግራም የተፈጨ ነገር በየቀኑ ካላገኘ ያለውን ክብደት እንኳ ይዞ መቆየት ይከብደዋል። ውሃው ሳይቆጠር በቀን 500 ግራም ድርቆሽ ብንሰጠውና 55 በመቶው ቢፈጭ 275 ግራም አገኘ። 700 ግራም እንዲበላ ብንተውለትና ስለበዛ የሚፈጨው ወደ 52 በመቶ ቢወርድ 364 ግራም አገኘ። ከመቶው ሦስት ጠፋ፣ በጉ ግን 89 ግራም አተረፈ። ሥጋውና ጮማው የሚመጣው ከዚያ ትርፍ ላይ ነው። የመጀመሪያው በግ የበላውን ጥሩ አድርጎ ይፈጭና ባለበት ይቆማል። ባለቤቱ ሁዳዴን ሙሉ፣ 55 ቀን ድርቆሽ ሲገዛ ከርሞ ያንኑ የገዛውን በግ ያርዳል ማለት ነው። ያልደቀቀ፣ እንዳለ የተሰጠ ድርቆሽ በሚበላ በግ ላይ ደግሞ ያ የሦስቱ ቅናሽ ከዚህም ሊያንስ ይችላል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ጎረቤቴ በጎች ስመጣ ይታያችኋል።

እኛ የምንኖረው ግንፍሌ፣ በጋራ ግቢ ነው። ጎረቤቴ ወጣት ነው፣ ሥራ ውሎ ማታ ነው የሚገባው። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት፣ ዋጋው ሳይሰቀል፣ ሾላ ሄዶ ሁለት በግ ገዛ። አንዱን ለቤቱ፣ አንዱን ሸጦ የቤት ኪራይ ሊሸፍንበት። ከሱሉልታ የመጣ ድርቆሽ በእስር አስገባ። ምክራችሁን አነበበና ለእያንዳንዳቸው በቀን 500 ግራም እየመዘነ ይሰጥ ጀመር። ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ማታ በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ በጠጡ ቀንሷል፣ ገንዳው ጥርት ይላል፣ አንዲት ዘለላ አይጥሉም። ታዲያ ጎድናቸው ለምንድነው የሚቆጠረው?»

ወጥቼ ጀርባቸውን ዳበስኩ። የወገባቸው አጥንት ከእጄ ሥር ሹል ሹል ይላል። አንዱ የታሰረበትን ገመድ እያኘከ ነበር። በዚያ ሰዓት ለምን እንደተናደድኩ ልጁ አልገባውም፤ በእሱ አልነበረም። ልጁ የተነገረውን አንድም ሳያጎድል ነው የፈጸመው።

በማግስቱ የ500 ግራሙን ነገር ተውነው። ለእያንዳንዳቸው 900 ግራም፣ ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ። ጠዋት ጠዋት የተረፈውን እመዝን ነበር፣ የድሮ ሥራዬ ነው። ከሳምንት በኋላ ወደ 700 ግራም ይበላሉ፣ ወደ 200 ግራም ይተዋሉ። ልጁ መጀመሪያ ያን 200 ግራም ሲያይ አዘነ። ብር ነው፣ ገባኝ። የተረፈውን ጋዜጣችሁ ላይ ዘርግቼ አብረን አየነው። አገዳ ብቻ ነው። ቅጠል የለም፣ የሳሩ እንጨት እንጨቱ ነው የቀረው።

በግ ከንፈሩ ስስ ነው፣ ይመርጣል። ምርጫ ከሰጠነው ቅጠሉን ለቅሞ አገዳውን ይተዋል። ስለዚህ 900 ግራም ቀርቦለት 700 የበላ በግና 700 ብቻ ቀርቦለት ሁሉንም ጠርጎ የበላ በግ አንድ ዓይነት ምግብ አልበሉም። የመጀመሪያው የተሻለውን ድርቆሽ በልቷል። ብዙ በመብላቱ የሚጠፋውን የመፈጨት ቅናሽ፣ ቅጠሉን በመምረጡ መልሶ ይክሰዋል። ምርምር ጣቢያ ስንሠራም በጉ በፍላጎቱ ስንት እንደሚበላ ማወቅ ስንፈልግ ሁልጊዜ ከሚበላው ከ15 እስከ 20 በመቶ አስበልጠን ነበር የምናቀርብለት። ገንዳው ጠርቶ ካደረ ቁጥሩን አናምነውም ነበር፤ በጉ በቃኝ አላለም፣ ምግቡ ነው ያለቀበት።

ስለ ቅጠልና አገዳ ሁልጊዜ የምጠቅሰው አንድ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ላሬዶና ሚንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ የአምስት ዓይነት ሳሮችን ቅጠልና አገዳ ለያይተው ለበጎች አበሏቸው። ሁለቱ ሆድ ውስጥ የሚፈጩት ተቀራራቢ በሆነ መቶኛ ነው። በጎቹ ግን ቅጠሉን ከአገዳው 46 በመቶ አብልጠው በሉት። ምክንያቱ ጨጓራ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ቅጠል ቶሎ ይደቅቃል፣ ቶሎ ያልፋል፣ ለቀጣዩ ጉርሻ ቦታ ይለቃል። አገዳ ይዘገያል። መጀመሪያ ይህን ሳነብ ስንት ዓመት የመዘንኩት ትርፍራፊ ትርጉሙ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ጨጓራ ውስጥ ረጅም መቆየት ሁልጊዜ ጥሩ ምልክት የማይሆነውም ለዚህ ነው። በተለይ በእኛ ድርቆሽ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ቢሆንም ሜዳው ላይ ያሉት ሳሮች ብዙዎቹ ከሞቃት አገር ሳር ወገን ናቸው። የሞቃት አገር ሳር አሰሩ ብዙ ነው፣ ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ጅማቶች ይበዛሉ፣ እንደ አውሮፓ ሳር ቶሎ አይልምም። በብዙ ናሙና ላይ ሲታይ የሚፈጨው መጠን ከብርዳማ አገር ሳር በአማካይ ከመቶው 13 ያህል ያንሳል። በዚያ ላይ እኛ የምናጭደው ዘግይተን ነው። ዝናቡ መስከረም ላይ ቶሎ አይለቅም፣ እርጥብ ታጭዶ ከተከመረ ይሻግታል፣ ስለዚህ ገበሬው ጥቅምት መጨረሻን፣ ኅዳርን ይጠብቃል። ምን ያድርግ? እስከዚያ ድረስ ግን ሳሩ አብቦ፣ ዘር ጥሎ፣ ፕሮቲኑ ወርዶ ይጠብቀዋል።

ፕሮቲኑ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ለተሕዋስያኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሚልፎርድና ይኸው ሚንሰን እንዳሳዩት የሞቃት አገር ሳር ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ ግድም ሲያንስ በግ የሚበላው መጠን በፍጥነት ይወርዳል። ተሕዋስያኑ ይራባሉ፣ አሰሩን ማብላላት ያቅታቸዋል፣ ሳሩ ጨጓራው ውስጥ ተጎልቶ ይቀራል፣ በጉም ሆዱ ሞልቶ መብላት ያቆማል። እንዲህ ዓይነቱን በግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሆዱ ግራና ቀኝ ወጥቷል፣ ጀርባው ግን ስለት ነው። ገበያ ላይ ሆዱን አይተው ሙክት መስሏቸው የሚገዙ አሉ። እባካችሁ ወገቡን ዳብሱ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በቀን ከ100 እስከ 150 ግራም የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ኑግ ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው፣ ለእንደዚህ ያለ በግ ብዙ ይለውጣል፤ 30 በመቶ ግድም ፕሮቲን አለው። በጉ ድርቆሹን ትቶ ፋጉሎ ይበላል ብሎ የሚፈራ ሰው አለ። በዚህ መጠን ሲሰጥና ድርቆሹ ደካማ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው፣ ተሕዋስያኑ ሥራ ስለሚጀምሩ የድርቆሹም ፍላጎት ይነሳል። ፍሩሽካ ትንሽ ቢጨመርም ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ የከተማችንን አንድ ክፉ ልማድ ሳላነሳ አላልፍም። የተረፈ ዳቦ፣ የተረፈ እንጀራ፣ ይባስ ብሎ ሊጥ፣ «ያደልባል» ተብሎ በአንድ ጊዜ ለበግ የሚሰጥ ነገር። እንዲህ ያለው ምግብ ጨጓራ ውስጥ በፍጥነት ይቦካል፣ አሲድ ይሞላዋል፣ አሰር የሚያብላሉት ተሕዋስያን በአሲድ አይኖሩም። ትንሽ ሲሆን ድርቆሹ እንዳይፈጭ ያደርጋል። ብዙ ሲሆን ይገድላል። ከጥቂት ዓመት በፊት እዚሁ ሰፈር ለበዓል ዋዜማ የደረሰ በግ የእንጀራ ሊጥ በልቶ ሲነጋ ሞቶ ተገኝቷል፤ ባለቤቶቹ ያለቀሱት ለቅሶ ዛሬም ይሰማኛል።

ውሃም አለ። ድርቆሽ ደረቅ ነው፣ በጉ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በግ የመጨረሻው ተረኛ ነው። ውሃ ያጣ በግ ድርቆሽ መብላት ያቆማል፣ ሰው ደግሞ ድርቆሹን ይወቅሳል።

ሌላው ከምክራችሁ ያሳሰበኝ «በማሽን አድቅቃችሁ ስጡት፣ ምንም አይጥልም» የሚለው ነው። አዎ፣ አይጥልም፤ መምረጥ ስለማይችል ነው የማይጥለው። ድርቆሽ እንደ ዱቄት ሲደቅቅ በጉ ሊበላ የሚችለው መጠን ይጨምራል፣ ያ እውነት ነው። ነገር ግን ማመስኳቱ ይቀንሳል፣ ምራቁ ይቀንሳል፣ የደቀቀው ቶሎ ሾልኮ ስለሚያልፍ የመፈጨት ቅናሹ ትልቅ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊያችሁ በአንድ በኩል «ብዙ የበላ ሳይፈጭ ያወጣዋል» ብሎ ፈርቶ በሌላ በኩል ያንኑ የሚያባብሰውን ነገር መክሯል። ጣት ጣት በሚያህል ቁመት መቆራረጥ አይጎዳም፣ እንዲያውም ገንዳ ውስጥ ለማስቀመጥ ይመቻል። ማድቀቅ ግን ወጪ ያለው የተለየ አሠራር ነው፤ ፋጉሎውን፣ ፍሩሽካውን አብሮ ቀይጦ ለሚያሰናዳ አደላቢ ይተውለት።

ስለዚህ በጥብቅ የምጠይቃችሁ፣ ማስተካከያ አውጡ። ለማንበብ የማይከብድ፣ ሁለት መስመር ይበቃል፦ ለበጉ ከሚበላው ትንሽ አስበልጣችሁ አቅርቡ፣ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ቢተው አትዘኑ፤ ድርቆሽ ስትገዙ ቅጠሉን እዩ፣ ሳር ሳር ሳይሆን አቧራ አቧራ የሚሸት፣ ነጥቶ አገዳው ብቻ የቀረ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱበት። ከዚያ በላይ ግማሹን እያስጣላችሁ አብሉ እያልኩ አይደለም፣ ያ ለማንም አያዋጣም። ፋሲካ ሊደርስ አራት ሳምንት ይቀራል። አንድ በግ በቀን 50 ግራም ቢጨምር በ28 ቀን 1.4 ኪሎ ነው፤ ትንሽ ይመስላል፣ በሕይወት ላለ በግ ግን ወገቡን ሲዳብሱት ይታወቃል፣ ገዢም ያውቀዋል።

ትርፍራፊው የት ይሂድ ለሚል ሰው፣ ላም ካለው ሰው ጋር ተስማሙ። የላም አፍ እንደ በግ አፍ መራጭ አይደለም፣ ጨጓራዋም ሰፊ ነው፣ አገዳውን ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጣት ትጠቀምበታለች። ከገንዳ የወጣው እርጥብ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይሰጣ፣ እንዳይሻግት።

ጎረቤቴ ትናንት ማታ የአሥር ቀኑን ትርፍራፊ በማዳበሪያ ጠቅጥቆ ቀበና ወርዶ ነበር፣ እዚያ ሁለት ላም ያላቸው እናት አሉ። ለሕፃን ልጁ የሚሆን አንድ ሊትር ወተት ይዞ ተመለሰ። በጎቹ ደግሞ ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ገመዱን የሚያኝክ የለም።

አክባሪያችሁ፣
ከግንፍሌ